ያልመጡት መራጮች፦ ሳውዝ ካሮላይና 1936

ኖቬምበር 3 ቀን 1936 አሜሪካ ፕሬዚዳንቷን መረጠች። አዲስ አበባ በሙሶሊኒ ጦር ከተያዘች ስድስት ወር ሊሞላት ሁለት ቀን ሲቀራት ማለት ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠቀለሉ። ተፎካካሪያቸው አልፍ ላንደን ሜይንና ቬርሞንት ከተባሉ ሁለት ግዛቶች በቀር ምንም አልደረሳቸውም። ከሁሉም ውጤቶች ግን አንዱ ዓይን ይስባል። ሳውዝ ካሮላይና ለሩዝቬልት 113,791፣ ለላንደን 1,646 ድምፅ ሰጠች። በመቶኛ ሲሰላ 98.57 ለአንዱ፣ 1.43 ለሌላው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ቁጥር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉም ለአንድ ግንባርና ለአጋሮቹ ሲሄዱ ያየ ሰው 98.57ን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ይሁንና ሁለቱን ቸኩሎ አንድ ማድረግ አያስኬድም። በኢትዮጵያ የተነገረው መራጩ በነቂስ ወጣ ተብሎ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰዉ እንዳይመጣ ተደረገ፣ ከመጡት ላይ ደግሞ መቶኛው ተሰላ።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ማነጻጸሪያ ይበቃል። በ1930 የሕዝብ ቆጠራ ሳውዝ ካሮላይና 1,738,765 ሰው ነበራት። ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ 1,729,205። ሁለቱ ግዛቶች በሕዝብ ብዛት መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ የሚመርጡት የግዛት ወኪሎች ቁጥርም እኩል ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 8። በ1936 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የሰጠው 115,437 ነው። ሰባት እጥፍ ልዩነት መሆኑ ነው! የ8ቱ ወኪሎች ድምፅ ግን እኩል ተቆጠረ። በሌላ አነጋገር ኮሎምቢያ ወይም ቻርልስተን ከተማ ውስጥ ወረቀቱን ኮሮጆ ውስጥ የከተተ አንድ ነጭ መራጭ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ከሚኖር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የሰባት ሰው ያህል ይመዝን ነበር።

ያ ተጨማሪ ክብደት ከየት መጣ? ካልመጡት ሰዎች ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለግዛቶች የምክር ቤት ወንበርም ሆነ የፕሬዚዳንት ወኪል የሚያድለው በነዋሪ ብዛት እንጂ በመራጭ ብዛት አይደለም። ጥቁሩ ገበሬ ሲቆጠር ሰው ነበር፤ ሊመርጥ ሲመጣ በር ተዘጋበት። ስለ 1936 ሲወራ ሳውዝ ካሮላይና ለሩዝቬልት "እጅግ ታማኟ ግዛት" ተብላ ስትነሳ የሚዘለለው ይኸው ነው። በምርጫ ካርታ ላይ በደማቁ የተቀባችው ግዛት በእውነቱ ከሁሉም ይልቅ ባዶ የነበረችው ናት።

ባዶነቱ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የቀድሞ ባሪያዎች የመምረጥ መብት ሲያገኙ ሳውዝ ካሮላይና የጥቁሮች ቁጥር የሚበልጥባት ግዛት ነበረች፤ በታችኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቷ ጥቁሮች አብላጫ ወንበር የያዙበት ጊዜም አለ። በ1876ቱ ምርጫ ከ180 ሺህ በላይ ድምፅ ተቆጠረ። ያ ቁጥር ራሱ ንጹሕ አልነበረም። ቀይ ሸሚዝ ለባሽ ታጣቂዎች በየከተማው ይፎክሩ ነበር፣ በሐምሌው የሃምበርግ ጭፍጨፋ ጥቁሮች እጅ ከሰጡ በኋላ ሳይቀር ተረሽነዋል፣ ኮሮጆም ተሞልቷል። ቢሆንም ይህ ይታሰብ፦ ከ60 ዓመት በኋላ የግዛቲቱ ሕዝብ እጥፍ ሊሆን ተቃርቧል፣ ሴቶችም በ1920 የመምረጥ መብት አግኝተዋል፣ ድምፅ የሰጠው ሰው ግን ወደ 115 ሺህ ወርዷል። ይህም ተሻሽሎ ነው፤ በ1924 ወደ 50 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር።

በ1877 የፌዴራል ወታደር ለቅቆ ከወጣ በኋላ ጥይቱ በሕግ መተካት ጀመረ። በ1882 የወጣው "የስምንት ሣጥን ሕግ" የሚባለው የተንኮል ጥበብ የሚታይበት ነው። ለእያንዳንዱ ሥልጣን ለየብቻው ኮሮጆ ይቀመጣል፤ ለአገረ ገዥ የሚሰጠው ወረቀት በምክር ቤት አባል ሣጥን ከገባ ይሰረዛል። ማንበብ የማይችል ሰው ጓደኛው ቅደም ተከተሉን አስጠንቶት ቢመጣ እንኳ አስመራጮቹ ሣጥኖቹን ማቀያየር ይችላሉ። ፊደል ማስተማር ለባሪያ ወንጀል በነበረበት አገር፣ ያንን ወንጀል ያወጁት ሰዎች ልጆች ናቸው ፊደል አለመቁጠርን የምርጫ ማጣሪያ ያደረጉት።

ቤን ቲልማን ይህም አልበቃውም። በ1895 የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት እንደገና ለመጻፍ ጉባኤ አስጠራ፤ ዓላማውንም አልደበቀም። በኋላም በ1900 በአሜሪካ ሴኔት ቆሞ ኮሮጆ መሙላታቸውንና ሰው መግደላቸውን ተናግሯል፤ እንደማያፍርበትም ጭምር። አዲሱ ሕገ መንግሥት በግዛቲቱ ሁለት ዓመት፣ በአውራጃው አንድ ዓመት መኖርን ጠየቀ። የነፍስ ወከፍ ግብር ከምርጫው ስድስት ወር አስቀድሞ ተከፍሎ ደረሰኙ መያዝ አለበት። ከሕገ መንግሥቱ የተመረጠ ክፍል ማንበብና መጻፍ፣ ወይም 300 ዶላር የሚገመት ግብር የተከፈለበት ንብረት ማሳየት ግድ ሆነ። የመምረጥ መብት የሚያሳጡ ወንጀሎችም ተዘረዘሩ፤ ሚስት መደብደብ፣ ስርቆት፣ ዝሙት ሁሉ ገቡ። ነፍስ ግድያ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጥቁሮች ይሠሩታል ተብሎ የታሰበው ገባ፣ ነጮቹ ቀይ ሸሚዝ ለብሰው የሠሩት ቀረ።

በዚያ ጉባኤ ላይ ስድስት ጥቁር ተወካዮች ነበሩ። አንዱ ሮበርት ስሞልስ ናቸው፤ በ1862 ባሪያ ሳሉ "ፕላንተር" የተባለችውን የደቡቦች መርከብ በሌሊት ከቻርልስተን ወደብ ይዘው ወጥተው ለሰሜኑ ጦር ያስረከቡት፣ በኋላም የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የሆኑት ሰው። በጉባኤው ተከራከሩ፤ አልተሰሙም። ሰነዱ ላይ አልፈርምም ብለው ወጡ።

የተረፈውን ቀዳዳ የደፈነው ፓርቲው ራሱ ነው። ዴሞክራቲክ ፓርቲ "የግል ማኅበር ነኝ" እያለ ዕጩዎቹን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ ጥቁሮችን አያስገባም። ለረጅም ዘመን በደንቡ አንድ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ነበረች፦ አንድ ጥቁር ሰው በ1876 ለዴሞክራቱ ዌድ ሃምፕተን ድምፅ መስጠቱንና ከዚያ ወዲህም ከፓርቲው አለመለየቱን አሥር የታወቁ ነጮች በጽሑፍ ከመሰከሩለት መግባት ይችላል። በ1936 እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ ዕድሜው ከ80 ዓመት ያልፋል።

ትክክለኛው ፉክክር ያለው በዚያ ቅድመ ምርጫ ስለነበር በኦገስት የሚወጣው ነጭ መራጭ በኖቬምበር ከሚወጣው እጅግ ይበልጥ ነበር። ኖቬምበር የማኅተም ጉዳይ ነው። ድምፅ አሰጣጡም በምስጢር አይደለም። ሳውዝ ካሮላይና የመንግሥት ወጥ የምርጫ ወረቀትን የተቀበለችው በ1950 ነው፤ ከሁሉም ግዛቶች መጨረሻ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱን ወረቀት ያሳትማል፣ ወረቀቶቹ ለየብቻ ይቀመጣሉ፣ መራጩ የፈለገውን ሰው እያየው ያነሳል። በትንሽ ከተማ ውስጥ ባለሱቁ፣ የፋብሪካው ተቆጣጣሪና ፖሊሱ ቆመው እያዩ የሪፐብሊካን ወረቀት ለማንሳት እጅ መዘርጋት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ታዲያ 1,646ቱ እነማን ነበሩ? እነሱም አንድ አልነበሩም። የግዛቲቱ ሪፐብሊካኖች ለሁለት ተከፍለው ለአንዱ ዕጩ፣ ለላንደን፣ ሁለት የተለያየ የወኪሎች ዝርዝር አቀረቡ። አንደኛው ወገን ነጮች ብቻ የሚመሩት ፓርቲ እንዲሆን የሚፈልገው የሃምብራይት ቡድን ሲሆን 693 አገኘ። ሁለተኛው ጥቁሮችን አቅፎ የቆየው የጆ ቶልበርት ቡድን ነው፤ 953 አገኘ። ቶልበርት ነጭ ነበሩ፤ ክራቫት አላስርም በማለታቸው "ክራቫት የለሹ ጆ" ይባሉ ነበር። ቤተሰባቸው በ1898 ፊኒክስ በተባለች መንደር ድምፅ የተነፈጉ ጥቁሮችን ቃል ሊመዘግብ ሲሞክር ደም ፈስሷል፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ጥቁሮች እየታደኑ ተገድለዋል። ሰውዬውን ጻድቅ ማድረግ አይቻልም። ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት በዋሽንግተን ሲኖር የፖስታ ቤት ሹመት ማደል የቡድናቸው ዋና ሥራ ነበር፤ ፓርቲው እንዳያድግ የፈለጉት ራሳቸው ናቸው የሚሉም ነበሩ። አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ 60 ዓመት ሙሉ ማሸነፍ እንደማይችል እያወቀ ሲኖር ምን እንደሚሆን ግን ያሳያሉ። ለ1,646 ድምፅ እንኳ መከፋፈል ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ሩዝቬልት በእርግጥ ተወዳጅ አልነበሩም ወይ? ነበሩ። ሳውዝ ካሮላይና የጥጥና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገር ናት። በ1934ቱ ታላቅ አድማ ወቅት ሆኒያ ፓዝ በተባለች ከተማ ሰባት ሠራተኞች በፋብሪካው ደጃፍ በጥይት ተገድለዋል። ለእነዚህ ሰዎች የሠራተኛ ማኅበር መብትን በሕግ ያሰፈረ መንግሥት ቀልድ አልነበረም። ሁሉም አዋቂ በነፃነት ቢመርጥ ሩዝቬልት ያሸንፉ ነበር ማለት አያጠራጥርም፤ በሰሜን ከተሞች ድምፅ መስጠት የቻሉት ጥቁሮች እንኳ በዚያ ዓመት የሊንከንን ፓርቲ ጥለው በብዛት ወደ እሳቸው ሄደዋል። ስለዚህ ጥያቄው ማን አሸነፈ አይደለም። አሸናፊው ለማን ዕዳ ገባ ነው።

ዕዳው ምን እንደነበር ለማየት ወደ ሴኔት መሄድ ይበቃል። የሳውዝ ካሮላይናው ኤሊሰን ስሚዝ፣ በቅጽል ስሙ "ኮተን ኤድ"፣ በ1908 ተመርጦ እስከ 1944 ድረስ ከሴኔት አልወጣም። በአንድ ፓርቲ ግዛት የተመረጠ ሰው ተቀናቃኝ ስለሌለው ይቆያል፤ የቆየ ሰው ደግሞ በሴኔቱ ልማድ የኮሚቴ ሊቀመንበርነት ይደርሰዋል። ኮተን ኤድ ከ1933 ጀምሮ የግብርና ኮሚቴው ሊቀመንበር ሆነ። ይህ ሰው ነው በ1936 ክረምት ፊላደልፊያ በተደረገው የዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ አንድ ጥቁር ቄስ ጸሎት ሊያደርሱ ሲነሱ አዳራሹን ጥሎ የወጣው። በኖቬምበር ግዛቱ ለዚያው ጉባኤ ዕጩ 98.57 በመቶ ሰጠች። ቄሱ ማርሻል ሼፐርድ የተናገሩት ጸሎት እንጂ ፖለቲካ አልነበረም።

በ1935 የደቦ ግድያን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ለሴኔት ሲቀርብ የደቡብ ሴናተሮች በማያልቅ ንግግር አፍነው ገደሉት። ሩዝቬልትም ለጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ማኅበር መሪ ለዋልተር ዋይት ምክንያታቸውን አልሸሸጉም፤ ደቡቦቹ ኮሚቴዎቹን ይዘዋል፣ ይህን ሕግ ከደገፍኩ አገሪቱን ከውድቀት ለማዳን የማቀርበውን ሁሉ ይጥሉብኛል የሚል ነበር። ሐቀኛ መልስ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ተሻግሮ በደቦ መግደልን በፌዴራል ደረጃ የሚቀጣው ሕግ የተፈረመው በ2022 ነው።

በዚያው በ1935 የጸደቀው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ደግሞ የጡረታ መብትን ለሚሊዮኖች ሲሰጥ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ውጭ አስቀረ። ይህ የደቡቦች ግፊት ውጤት ነው ወይስ መዋጮውን መሰብሰብ ስለሚከብድ ነው የሚለው የታሪክ ምሁራንን ዛሬም ያከራክራል። የማያከራክረው ውጭ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ነው። በደቡብ አብዛኛው ጥቁር ሠራተኛ ወይ ጥጥ ለቃሚ ወይ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበር። ድምፅ የሌለው ሰው በሕጉ ውስጥ መቀመጫ ሳያገኝ ሲቀር መደነቅ አይገባም።

ይበልጥ የሚያስገርመው መድኃኒቱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፎ መቀመጡ ነው። የ14ኛው ማሻሻያ ሁለተኛ ክፍል፣ ከ1868 ጀምሮ፣ አንድ ግዛት ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶችን ከምርጫ ከከለከለ የምክር ቤት ወንበሩ በዚያው ልክ ይቀነሳል ይላል። በግልጽ ቋንቋ፤ ትርጉም የማያሻው። ሳውዝ ካሮላይና ላይ ቢተገበር ከስድስቱ የምክር ቤት ወንበሮቿ የሚተርፍላት ጥቂት ነበር። አንድ ቀንም፣ በአንድም ግዛት ላይ፣ አልተተገበረም። በየጊዜው ያነሱት ነበሩ፤ ሰሜናዊው ሪፐብሊካን ለመግፋት ድፍረት አጣ፣ ሰሜናዊው ዴሞክራት ደግሞ የደቡብን ወንበሮች ይፈልጋቸው ነበር። ሕግ የሚሞተው በመሻር ብቻ እንዳልሆነ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

የ98.57 በመቶው ታማኝነት ምን እንደነበር የታየው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቴክሳስ ጉዳይ የነጮች ብቻ ቅድመ ምርጫ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። የሳውዝ ካሮላይና አገረ ገዥ ኦሊን ጆንስተን ወዲያው አስቸኳይ ጉባኤ ጠርተው ስለ ቅድመ ምርጫ የሚናገር ሕግ ሁሉ ከግዛቲቱ መጽሐፍ እንዲፋቅ አደረጉ፤ ወደ 150 የሚጠጉ ሕጎች ተሰረዙ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መንግሥት እጁ ከሌለበት ፓርቲው በእርግጥ የግል ክበብ ነው። ጥቁሮቹም በበኩላቸው የራሳቸውን ተራማጅ ዴሞክራቲክ ፓርቲ አቋቁመው ተወካዮቻቸውን እስከ ቺካጎው ጉባኤ ድረስ ላኩ፤ አልተቀበሏቸውም።

በፌብሩዋሪ 1946 አይዛክ ውዳርድ የተባለ ከጦርነት የተመለሰ ጥቁር ወታደር፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ በዚያችው ግዛት ባትስበርግ ከተማ በፖሊስ አዛዥ ተደብድቦ ሁለት ዓይኖቹን አጣ። ፖሊሱን የዳኘው የነጮች ሸንጎ በነፃ ለቀቀው። ችሎቱን የመሩት ዳኛ ዌይቲስ ዋሪንግ የቻርልስተን ነባር ባላባት ቤተሰብ ልጅ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የቀድሞው ሰው አልሆኑም። ፕሬዚዳንት ትሩማንም የውዳርድ ነገር ከነከናቸው፤ የዜጎች መብት ኮሚቴ አቋቋሙ፣ በጁላይ 1948 የጦሩን የዘር ልዩነት የሚያስወግድ ትእዛዝ አወጡ።

ያን ጊዜ "ታማኟ ግዛት" ምን አደረገች? የራሷ አገረ ገዥ ስትሮም ተርመንድ ሌላ ፓርቲ ይዘው በትሩማን ላይ ተወዳደሩ። ተርመንድ 72 በመቶ፣ የዴሞክራቶቹ ፕሬዚዳንት 24 በመቶ። ሰባ ዓመት የተዘመረለት የፓርቲ ፍቅር፣ ፓርቲው ጥቁርን ሰው በሕግ ፊት እኩል አደርጋለሁ ባለበት ዓመት ተነነ።

በሩን የከፈቱት ሰው ስም ግን በምርጫ ካርታዎች ላይ አይገኝም። ጆርጅ ኤልሞር ይባላሉ፤ ኮሎምቢያ ከተማ ትንሽ ሱቅ የነበራቸውና ፎቶ የሚያነሱ ሰው። በ1946 ቅድመ ምርጫ ድምፅ ሊሰጡ ሄደው ተከለከሉ፤ ከሰሱ። ከጠበቆቻቸው አንዱ ቱርጉድ ማርሻል ነበሩ። በጁላይ 1947 ዳኛ ዋሪንግ ፈረዱላቸው፤ ሳውዝ ካሮላይና ወደ ኅብረቱ የምትመለስበት ጊዜ ደርሷል ሲሉም ጻፉ። ኦገስት 10 ቀን 1948 በተካሄደው ቅድመ ምርጫ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ጥቁሮች ድምፅ ሰጡ። በ1936 ላንደንን ከመረጠው ሰው ሁሉ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው።

ዳኛው ጎረቤትም ዘመድም ፊት ነስቷቸው በ1952 ጡረታ ወጥተው ኒው ዮርክ ገቡ። ኤልሞር የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ቤታቸው ፊት ለፊት መስቀል ተቃጠለ፣ አከፋፋዮች ለሱቃቸው ዕቃ መስጠት አቆሙ፣ አበዳሪዎች ገንዘባቸውን ባንድ ጊዜ ጠየቁ። ሱቁም ቤቱም ሄደ። በ1959 ሲሞቱ ድሃ ነበሩ፤ የመምረጥ መብትን የሚያስከብረው የፌዴራል ሕግ ሊወጣ ገና ስድስት ዓመት ይቀረው ነበር። ሕጉ በወጣ ጊዜም ይቃወመኛል ብላ በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄደችው ሳውዝ ካሮላይና ናት። በ1966 ተረታች።